በፌስታል የመጡ ስልኮች

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አምቦ ባለው የባንካችን ቅርንጫፍ፣ ሥራ አስኪያጁ በሩ አጠገብ ሁለት ጠረጴዛ አስቀመጠ፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ አብራኝ ለተቀጠረችው ልጅ። ባለአክሲዮኖች የቦርድ አባላትን በስልክ ሲመርጡ የመጀመሪያቸው ስለነበር አንድ መፈለጊያ ፕሮግራም ተልኮልን ነበር። የባለአክሲዮኑ ቁጥር ሲገባለት ስንት ድምፅ እንዳለው፣ ምርጫው መቼ እንደሚዘጋ፣ የይለፍ ኮዱ በየትኛው ስልክ እንደሚደርሰው ያሳያል። የእኛ ሥራ ያንን እያዩ ማስረዳት ነው። በሥራው የተሻለችው አዲስ አበባ ለሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ቅርንጫፉን ወክላ ትሄዳለች ተብሏል። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ የማደርገውን ጫማ ሳይቀር መርጬ ነበር።

ፕሮግራሙን ከእሷ ይልቅ አውቀዋለሁ። ምሳ ሰዓቴን እየሰዋሁ ያልነካሁት ቦታ የለም። እሷ ግን አፏ ማር ነው። ሰው ደጃፉን ሳያልፍ «አካም ቡልታኒ!» ብላ እንዴት አደራችሁ ትላለች፣ ረዘም አድርጋ፣ መጨረሻው ላይ ሳቅ ጨምራበት። እኔም ቤቴ የማወራው ኦሮምኛ ነው፤ ቢሮ ስገባ ግን ድምፄ ይጠፋና «ምን ልርዳዎት?» በምትል ቀጭን አማርኛ እወጣዋለሁ። ሰልፉ በሙሉ እሷ ጋ ነበር። ወደ እኔ የመጣ ቢኖር እስክሪብቶ ለመዋስ ነው፤ ያንንም ይዞ ወደ እሷ ይመለሳል።

ረፋዱ ላይ አንድ ሽማግሌ ከእጃጂ መጡ። እሷ ፊት ተቀመጡና የያዙትን ጥቁር ፌስታል ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፉት። ስልክ ብቻ! አንዳንዱ በላስቲክ የታሰረ፣ አንዳንዱ ጀርባው ላይ የባለቤቱ ስም በፕላስተር የተለጠፈበት።

«ኦቦ፣ ሱቅ ሊከፍቱ ነው እንዴ?» አለቻቸው።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ወክዬ በየጉባኤው እጄን የማወጣው እኔ ነኝ። ዘንድሮ በስልክ ነው አላችሁ። ይኸው፣ ስልኩን ሰብስቤ መጣሁ።»

ከስልኮቹ አንዱ ጮኸ። አነሳችው። የአንዲት ሴት ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል፤ የላሟን ገመድ የት እንዳደረገው ባሏን ትጠይቃለች።

«ባልሽ አልመጣም፤ ስልኩን ብቻ ነው የላከው!» ስትላት ባንኩ በሳቅ ተሞላ። ሽማግሌው እንባቸውን ጠረጉ። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ከቢሮው ወጥቶ ሳቀ። እኔ ኮምፒውተሬ ላይ አቀረቀርኩ። እንደዚያ የሚያስቅ ነገር በዕድሜዬ ተናግሬ አላውቅም።

ከዚያ የየሰዉን ቁጥር እየፈለገች ኮድ ማስላክ ጀመረች። ገጹ ግርጌ ላይ ያለችውን መስመር አላየቻትም። እኔ በቃሌ አውቃታለሁ።

«ባለቤቱ ራሱ ነው ድምፁን መስጠት ያለበት» አልኩ። የሰማችኝ እሷ ብቻ ነበረች። አንገቷን አሰገገችና ግርጌውን አነበበች።

«ኦቦ፣ ለካ ባለቤቱ ራሱ ካልሰጠ አይሆንም!» አለች ጮክ ብላ።

«ጎበዝ! እንዲህ ነው ማንበብ» አላት ሥራ አስኪያጁ።

የእኔ ቃል እኮ ነው፤ እሷ አፍ ላይ ሲሆን ግን ቃል ሆነ።

ምርጫው በማግስቱ ማታ ይዘጋል። ደውሎ ለሰዎቹ መንገር አይቻልም፣ ስልካቸው እኛ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ አሰበና «ነገ አንዳችሁ እጃጂ ሂዱ። ይህን የጨረሰች ጉባኤውም የእሷ ነው» አለ። ዓይኑ ግን እሷ ላይ ነበር።

«እኔ እሄዳለሁ» አልኩ። ድምፄ ከምፈልገው በላይ ጮኸ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«አንቺ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «አንቺ እኮ እኔንም ሰላም አትዪኝም!»

«ትሂድ እንጂ!» አለች እሷ እየሳቀች። «እኔን መኪና ያስመልሰኛል። አዲስ አበባስ ብሄድ ምን አለኝ?» ፌስታሉን ቋጥራ ሰጠችኝ። ትከሻዬንም ቸብ አደረገችኝ።

ስንት ጊዜ የተመኘሁትን እሷ አልፈለገችውም ነበር። ያሸነፍኩትን እንኳ ከእጇ ተቀበልኩ። ቤቴ እስክደርስ በውስጤ ስሰድባት ነበር፤ ስድብ የሚገባው ምን እንዳደረገች ግን አላገኘሁም።

በማግስቱ ጠዋት ፌስታሉን ጭኔ ላይ አድርጌ አምቦ ካደሩት ሽማግሌ ጋር በሚኒባስ እጃጂ ገባሁ። ሰዎቹ ሽማግሌው ስልካቸውን ይዘው እስኪመለሱ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። «ምን ልርዳችሁ» ምላሴ ላይ መጥታ ነበር፤ ዋጥኳት።

«አካም ቡልታኒ!» አልኳቸው፣ ረዘም አድርጌ። ሳቋንም ሳልተው።

ሁሉም ተነሥተው መለሱልኝ። ቦታ ሊሰጡኝ ተሻሙ። የመጀመሪያውን ስልክ ከፌስታሉ አወጣሁና በፕላስተሩ ላይ ያለውን ስም ጮክ ብዬ ጠራሁ።