«አንድ ሰው የቀረው!»

ዛሬ ጠዋት ለጀናዛ የሚሄዱ እናት ፊት «ወላሂ» ብዬ ዋሸሁ።

ከሚሴ ላይ ወደ ሰንበቴ ስንጭን፣ ፌስታላቸውን ይዘው ከኮምቦልቻ ወደመጣ ሚኒባስ ሲሄዱ አየኋቸው። እሱ እውነትም አንድ ቦታ ብቻ ነበር የቀረው።

«እማ፣ በዚህ ይግቡ! አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን!» ብዬ ፌስታላቸውን ተቀበልኳቸው።

«አሁን ይወጣል ልጄ? እህቴ ሞታብኝ ነው። ጀናዛዋ ሳይወጣ ፊቷን ልይ።»

«ወላሂ፣ አሁን ነው!»

ውስጥ ከተቀመጡት አብዛኞቹ መኪናው የሞላ እንዲመስል ያስገባኋቸው ጓደኞቼ ነበሩ። ባዶ መኪና ውስጥ ማን ይገባል? እሳቸው ሲገቡ አንዱ ውሃ ልግዛ፣ አንዱ ስልክ ልደውል እያለ ወረደ።

ያኛው ሚኒባስ ሄደ። እኛ እስክንሞላ አንድ ሰዓት አለፈ።

ሰንበቴ ስንደርስ ወንዶቹ ከእህታቸው ቀብር እየተመለሱ ነበር።

ፌስታላቸውን አቀበልኳቸው። ቀና ብዬ ማየት ከበደኝ። «አብሽር ልጄ፣ የአላህ ቀደር ነው» አሉኝ። ጭራሽ እኔን አጽናኑኝ!

ቀደር አይደለም እማ፣ እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ።

ለመመለስ ስንጭን በሩን ከፍቼ ምን ብዬ ብጣራ ጥሩ ነው? «ከሚሴ! አንድ ሰው የቀረው!» ውስጥ ያለው ሹፌሩ ብቻ ነው። ምላሴ እንኳ አልተደናቀፈም።

በኔ መኪና የሄዳችሁ ሁሉ፣ እስቲ ኮመንት ላይ ንገሩኝ። እናንተንስ «አንድ ሰው» ብዬ ከምን አስቀርቻችኋለሁ?