ለአንድ ሌሊት የሚሆን መሬት

የእህቴን ባል ሰፈሩ «ቅብዝብዝ» ይለዋል፤ እኔማ ሲብስብኝ ሌላም እለዋለሁ። ሥራው ድንኳን የሚተከልበት ቦታ መፈለግ ነው። ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ያለው ማረፊያ ገና በጠዋቱ ይሞላና ጠባቂው መኪናውን ሁሉ ከበር ይመልሳል። የተመለሰውን የእህቴ ባል ይቀበልና ወንዝ ዳር፣ ከጫካው ጀርባ ወይ ገበሬ ማሳ ጥግ ወስዶ ያሳርፈዋል። እኔ በሩ አጠገብ ውሃና ዳቦ ስለምሸጥ ሁሉንም አያለሁ።

ሙያውን አልክድበትም። ድንኳን ከማስተከሉ በፊት መሬቱ ላይ በጀርባው ይጋደማል፤ ድንጋይ ይቆረቁር እንደሆነ፣ ወደ ራስጌ ያዘቀዝቅ እንደሆነ፣ ጉንዳን ይኑር አይኑር በገዛ ጎኑ ያረጋግጣል። ጠዋት እንግዶቹ እየመረቁት ይሄዳሉ። እሱ ግን ምርቃቱን እንኳ ቆሞ አይሰማም፤ ሌላ ቦታ ፍለጋ እግሩን ያነሳል።

ቤት ላይ ነው ጉዱ! እህቴን ካገባ ወዲህ ድመት ልጆቿን እንደምታዞር ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ሲያዞራት ኖረ። አንዱን ነፋስ ይመታዋል ይላል፣ አንዱን ጎርፍ ይገባዋል። አሁን እርጉዝ ናት፤ ወሯም ገብቷል። ያሉበትን ቤት ደግሞ አከራዩ ለልጁ ፈልጎታል። ስንት ደጅ ጠንቼ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሁለት ክፍል አገኘሁላቸው። እህቴ ገና ስታየው መጋረጃ የምትሰቅልበትን ግድግዳ መረጠች። ሳቀች፤ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

እሱ መጣና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወለሉ ላይ ተጋደመ!

«ወደ በሩ ያዘቀዝቃል፤ የወፍጮው ድምፅም አያስተኛም» አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ አልጋ የሚባል ነገር አልሰማህም?» አልኩት፤ ደሜ ፈልቶ።

«ትንሽ ይታገሡኝ እትዬ፤ የተሻለ አላጣም።»

እሱን ማን ይጠብቃል? ቤቱን በነጋታው ሌላ ሰው ወሰደው። እህቴ መጋረጃዋን አጣጥፋ ከልብሷ ጋር ሻንጣ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ፓርኩ ሞልቶ መኪናው እስከ አስፋልቱ ተሰልፏል። የእህቴ ባል ከእኔ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ አጎንብሶ የአንዱን እንግዳ ጥቅል ድንኳን በገመድ ያስራል። እህቴ በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋ፣ በሌላው የልብስ ሻንጣ ይዛ መጣች። እኔ ጋ የመጣች መስሎኝ ወንበር ሳብኩላት። አልፋኝ ሄዳ፣ ከበር ተመልሰው እሱን ከሚጠብቁት ሰዎች ኋላ ተሰለፈች። ምን ልትሠራ ነው ብዬ ዳቦዬን ትቼ ተከተልኳት።

ተራዋ ሲደርስ፣ «ወንድሜ፣ ለሦስት ሰው የሚሆን ቦታ ይገኛል?» አለችው።

ጫጫታው ይሁን ጥድፊያው እንጃ፣ ድምጿን አልለየም። «ሞልቶ! ለስንት ሌሊት ነው?» አለ ቀና ሳይል።

«ልጁ አድጎ እስኪዳር።»

ያኔ ቀና አለ። ገመዱን ለቀቀና ሻንጣውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም።

«መጀመሪያ ወዴት እንደምትወስደን ንገረኝ» አለችው።

ከኋላዋ የተሰለፉት ሰዎች ሳይቀሩ አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ። አገሩን ሁሉ ሲያሳርፍ የኖረ ሰው የዘረጋውን እጁን ወደ ወንዙ ጠቆመ፣ ወደ ጫካው ጠቆመ፣ ከዚያ መልሶ አወረደው።