መርዶ ሳይነገረኝ ዐባይ በረሃ የወረድኩ ዕለት

ይህ የደረሰብኝ የዛሬ አራት ዓመት በጥቅምት ወር ነው። ዕለቱን የማልረሳው በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብዙ የዱር እንስሳ አይቼ ስለማላውቅ ነው ብል ሰው ይታዘበኛል፤ ግን እውነቱ እሱ ነው። ሌላውን ነገር አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። በዚያ ቀን አባቴ ሞቶ፣ ተቀብሮም ነበር። መኪናው ውስጥ ከነበርነው ሦስት ሰዎች ሁለቱ ያውቁ ነበር። ያልተነገረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ያን ጊዜ ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለ የሴቶች ልብስ ስፌት ቤት እሠራ ነበር፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ሥራዬ ጠርዝ መቀምቀምና የቁልፍ ቀዳዳ መስፋት ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገር ስለሚያስፈራኝ ደንበኛ ሲመጣ ወደ ጓዳ እገባለሁ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደጉኝ የአባቴ እህት እትዬ አሰለፈች ናቸው። አባቴ ጎጃም፣ ከደጀን ወጣ ብሎ ባለ አገር ያርስ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ መታመሙን ከዚያ የሚመጡ ነጋዴዎች ነግረውን ነበር።

ጠዋት ሥራ ገብቼ ብዙም ሳልቆይ የሱቁ ስልክ ጮኸ። ባለቤቷ አርመን ናት፤ ማዳም እንላታለን። ስልኩን አንስታ ሰማችና ወደ እኔ መጥታ የያዝኩትን ጨርቅ ከእጄ ወሰደች። ወደ ቤት ሂጂ፣ አክስትሽ ይፈልጉሻል አለችኝ። ማዳም ክር ያባከነን እንኳ የማትምር ሴት ናት። ያን ቀን ግን ጉንጬን ዳሰሰችኝ። ከሥራ ያባረረችኝ መስሎኝ እንባዬ እየመጣ ቁልቁለቱን ወረድኩ።

ቤት ስደርስ የጎረቤታችን የጋሽ ሽብሩ ታክሲ ደጃችን ቆሟል። እትዬ ለብሰው ጨርሰዋል። አባትሽ ሕመሙ ትንሽ ጠንከር ብሎበታል፣ አይቶሽ ደስ ይበለው፣ ሄደን እንመለሳለን አሉኝ። ዐይናቸው ቀልቶ ስለነበር ምን ሆኑ ብላቸው፣ ጉንፋን ነው አሉ። አመንኳቸው። እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሕይወቱ እንድደርስ። አባቴን ካየሁት ሦስት ዓመት አልፎኝ ነበር።

ጋሽ ሽብሩ አራዳ ተወልዶ ያደገ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ገና እንጦጦን ሳንጨርስ ቀልዱን ጀመረ። እትዬም ይስቁለታል። ወንድማቸው ታሞ እንዴት ይስቃሉ እያልኩ ከኋላ ተቀምጬ አያቸዋለሁ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ስንደርስ መኪናው በጣም ቀስ አለ። እትዬ ደግሞ፣ ቀስ በል ልጄ፣ ምን ያስቸኩለናል አሉት። በዚያች ንግግር ያን ጊዜ ተቀየምኳቸው።

ደብረ ሊባኖስ መገንጠያው ላይ ስንደርስ ጋሽ ሽብሩ ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ ቀኝ ታጠፈ።

“ገደሉን ሳታዪ ጎጃም ደርሼ መጣሁ ብትዪ ፒያሳ ላይ ማን ያምንሻል?” አለኝ።

መሄድ አለብን ማለት ፈለግኩ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ታላቅ ሰው ነዳጁን አቃጥሎ፣ ሥራውን ትቶ ሲወስድሽ ፍጠን አይባልም። እጄን አጣምሬ ወረድኩ።

ጫካው ውስጥ ጉሬዛዎች ነበሩ። ጥቁር ናቸው፤ ነጭ ጸጉር ከጎናቸው እስከ ታች ይወርዳል። ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘልሉ ጸጉሩ ይዘረጋል።

“እያቸው እስቲ የሺ፣ ካባ ደርበው ግብር የሚጠብቁ መኳንንት አይመስሉም? ልዩነቱ እነዚህ ደጅ አያስጠኑም” አለ ጋሽ ሽብሩ።

ከዚያ ገደሉ አፋፍ ላይ ወሰደን። ጭላዳዎች ሣር ላይ ተቀምጠው በሁለት እጃቸው እየነጩ ይበላሉ። ደረታቸው ላይ ቀይ ነገር አለ። ልጆቻቸው ጀርባቸው ላይ ተኝተዋል። ከእነሱ በታች መሬት የለም፤ ጭጋግ ብቻ ነው። እነዚህ የውቤ በረሃ ሰዎች ናቸው፣ ሲጨፍሩ አድረው ነው አሁን ፀሐይ የሚሞቁት አለ ጋሽ ሽብሩ። እትዬ ሳቁ። እኔ በልቤ አባቴ አሁን በሩን እያየ ይሆናል እላለሁ። ጭላዳዎቹን ግን አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። ሰው ሲጨንቀው ዐይኑ ሥራ ይፈልጋል መሰለኝ።

ፍቼ ምሳ በላን። በላን ማለቴ፣ እኔና ጋሽ ሽብሩ ነን። እትዬ እያጎረሱኝ እሳቸው አልቀመሱም። ሆዴ አልፈለገም አሉ። ከምሳ በኋላም ጋሽ ሽብሩ ጎማውን እየዞረ አየ፤ የሚያውቀው ሰው አግኝቶ አወራ። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። እኔ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ የመቀመጫውን ስፌት በጥፍሬ እከተላለሁ።

ጎሐ ጽዮንን አልፈን ዐባይ በረሃ አፋፍ ላይ ስንወጣ መሬቱ ተከፈተ። ስለ ዐባይ በረሃ ሲወራ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ልጅ ሆኜም በካሚዮን ተጭኜ አልፌበታለሁ፤ ግን ተኝቼ ነበር። ወዲያ ማዶ ያለው ተራራ የእኛ አገር ነው። እዚያው የሚታይ ነው፤ በእጅ የሚነካ ይመስላል። ጣሊያን የቆረጠው መንገድ ግን እየተጠማዘዘ እስከ ወንዙ ድረስ ይወርዳል፤ ከዚያ በወዲያኛው በኩል እንደገና ይወጣል። ሙቀቱ ወደ ላይ እየመጣ ፊቴን መታኝ።

ግማሽ ያህል እንደወረድን ጋሽ ሽብሩ የሞተሩ ውሃ ፈልቷል ብሎ አቆመ። እትዬ እግሬን ላፍታታ ብለው በእግራቸው መንገዱን ይዘው ወረዱና ከመታጠፊያው ጀርባ ጠፉ። እኔና ጋሽ ሽብሩ ጠርዙ ላይ ቆምን። ማዶ ካለው ዓለት ላይ ዝንጀሮዎች ይጮኻሉ። ከእነሱ ዝቅ ብሎ አንዲት ትንሽ አመድማ እንስሳ ድንጋይ ጫፍ ላይ ቆማለች።

“ሰስ ናት። በጥፍሯ ጫፍ እኮ ነው የምትቆመው፤ የማዳምሽን ደንበኞች አትመስልም?” አለኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አልኩ። እውነትም ተረከዙ ረጅም ጫማ ያደረገች ትመስል ነበር። ሰሷ እኛን አየችና ዘለለች። ከድንጋይ ወደ ድንጋይ፣ ቁልቁል፣ እግር ማሳረፊያ የሌለ በሚመስልበት ቦታ ሁሉ እየነካች ወረደች። ዐይኔ ተከተላት። ከመንገዱ በታች ዘልላ ስታልፍ ዐይኔ እዚያው ቀረ። እትዬ እዚያ ነበሩ።

ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ተደግፈዋል። ከመንገድ የመጣ ሰው አያያቸውም፤ ከላይ ግን ይታያሉ። የነጠላቸውን ጥለት ወደ ላይ አዙረው አንገታቸው ላይ ጥለዋል፤ እንደ ሐዘንተኛ። ጫፉን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰዋል። በሁለት እጃቸው ደረታቸውን ይመታሉ። ድምፅ አይሰማም። ዝንጀሮዎቹ ዝም ብለው ቁጭ ብለው ያዩዋቸዋል።

ጋሽ ሽብሩ ቶሎ ብሎ ፊቴ ቆመ።

“ወደ ላይ እዪ፣ ወደ ላይ፣ አሞራ፣ ያውልሽ ትልቁ ጆፌ” አለ። ድምፁ ተለውጦ ነበር።

ወደ ላይ አየሁ። አሞራ ነበር። አየሁት አልኩ።

እትዬ ሲመለሱ ነጠላቸው እንደ ወትሮው ነው። ፊታቸውን ታጥበዋል። ሙቀቱ ከባድ ነው አሉ። ገብተን ሄድን። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በየተራ ገባኝ፤ ማዳም ጉንጬን መንካቷ፣ ምሳው፣ ቀስ በል ማለታቸው። እትዬ የሚያለቅሱለት ሌላ ወንድም የላቸውም። መጮኽ የነበረብኝ ይመስለኛል። ግን ውስጤ ምንም ነገር አልተነሣም። እጄን አየሁት፤ የእኔ እጅ ነው። ወንዙ ጋ ደርሰን ጃንሆይ ያሠሩትን ድልድይ ስናልፍ ውሃው ቡናማ እንደነበረ አስታውሳለሁ። አሸዋው ላይ አዞ ተኝቶ ነበር። አፉ ክፍት ነው። እንጨት መስሎኝ ነበር።

ለምን አልጠየቅኩም? አፈርኩ መሰለኝ። ደግሞ እኛ ዘንድ መርዶ በመንገድ አይነገርም። ቤት ውስጥ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ከቦሽ ነው የሚነገርሽ። ከጠየቅኳቸው እትዬ ወይ ይዋሹኛል፣ ወይ በረሃ ላይ ሊያረዱኝ ነው። ሁለቱንም ላስደርጋቸው አልፈለግኩም። ካልጠየቅኩ ደግሞ፣ ይህን መናገር ሞኝነት ቢሆንም፣ አባቴ እስከ ማለዳ ድረስ እንደታመመ ይቆያል።

ዳገቱን መውጣት ጀመርን። እትዬ ከፊት ተቀምጠው ሲተነፍሱ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እየሳቁ ማውራት አቅቷቸዋል። ያን ጊዜ በሕይወቴ አድርጌው የማላውቀውን አደረግኩ። ሹፌሩን አቁም አልኩት።

“ጋሽ ሽብሩ፣ እዚያ ቁጥቋጦው ጋ ጅግራ ያየሁ መሰለኝ። ብንወርድ?”

በመስተዋቱ አየኝ። ብዙ አየኝ። ከዚያ አቆመ። እኔ ወደ ቁጥቋጦው ስሄድ እትዬ በሌላው በኩል ወገቤን ላፍታታ ብለው ሄዱ። ጅግራዎቹ እውነትም ነበሩ፤ ነጠብጣብ ያለባቸው፣ ተራ በተራ እየሮጡ መንገዱን ተሻገሩ። እስኪጨርሱ ጠበቅኩ። እትዬ እስኪመለሱ ድረስ ዞር አላልኩም።

ጥቂት ሄደን እንደገና አስቆምኩት። እንሹ፣ እንደ ሚዳቋ ያለች ትንሽ እንስሳ፣ አየሁ አልኩ። እንሹዋ ከመንገዱ ሥር፣ ዛፍ ጥላ ውስጥ ቆማ ነበር፤ ዐይኖቿ ትልልቅ ናቸው። ከዚያ በኋላ ጋሽ ሽብሩ አልቀለደም። መንገዱ ሰፋ ባለበት ሁሉ ሳልጠይቀው ራሱ ዳር ይዞ ያቆማል። አንድ ቦታ ላይ ባዶ ገደል ነበር፤ ዛፍ እንኳ የለውም።

“እዚህ ጋ ጥሩ ጦጣ አለ፤ ታያታለሽ?” አለኝ ቀስ ብሎ።

“አየኋት” አልኩት።

እትዬ ወርደው ሄዱ። እኔና እሱ ባዶውን ገደል እያየን ቆምን። እሱ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር። ለእትዬ ብዬ ይሁን ለራሴ፣ መንገዱ እንዳያልቅ ብዬ፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቀውም። ጠዋት እንድንፈጥን በልቤ ስመኝ የነበርኩት ያው እኔ ነኝ።

ደጀን፣ የእናቴ ወንድም አጎቴ ቤት የገባነው ሲመሽ ነው። አጎቴ ጠዋት መርዶውን በስልክ ሲናገር፣ በቀን እንዳትገቡ ብሎ ነበር አሉ። በቀን ከገባን ከቀብር የተመለሰ ሐዘንተኛ መንገድ ላይ አግኝቶን እግዜር ያጥናሽ ቢለኝ፣ ሳላስበው እሰማለሁ ብሎ ፈርቶ ነው። ጋሽ ሽብሩ ቀኑን የጨረሰልን በእንስሳ ነው። እራት አቀረቡልኝ፤ በላሁ። ሁሉም ሰው በጣም ደግ ነበር። ተኛሁም።

ጎህ ሲቀድ ሴቶች ቀሰቀሱኝ። ስነሣ ቤቱ ሞልቷል። አጎቴ ከፊቴ ቁጭ ብሎ፣ አባትሽ አርፏል ልጄ፣ ፈጣሪ ያጥናሽ አለኝ። እትዬ ያን ጊዜ ጮኹ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ያፈኑት ነው፤ አሁን ተፈቀደላቸው። ሴቶቹ ተከትለው አለቀሱ። እኔ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ይወጣልሻል አሉኝ። አንዷ ደንዝዛ ነው አለች፤ ሌላዋ ከተማ ያደገ ልጅ ሆዱ ደረቅ ነው አለች። ሁለቱንም ሰማኋቸው። አልተቀየምኳቸውም። የአባቴ መቃብር ላይ ወስደውኛል፤ አፈሩ እርጥብ ነበር። ከዚያ ያለፈ ትዝ የሚለኝ የለም። የሰሷን ጥፍር ግን አሁንም ሣዪው ብባል እስለዋለሁ።

ከእትዬ ጋር ስለዚያ ቀን አውርተን አናውቅም ነበር። ባለፈው ክረምት፣ ምስር እየለቀምን ሳለ፣ ቀና ሳይሉ ተናገሩኝ።

“ዐባይ በረሃ ላይ አይተሽኝ ነበር፣ አይደል?”

“አዎ እትዬ።”

“ታዲያ ያ ሁሉ አቁም አቁም…”

“አዎ።”

ምስራቸውን ለቀሙ። እኔም ለቀምኩ።

ሐዘኑ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እስከ ዛሬ አልመጣም። እነሱንም ዋሹኝ ብዬ አልወቅስም። አንድ ነገር ብቻ አብሮኝ ቀርቷል። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ወደ ክፍለ አገር የሚወጡ መኪኖች በጊዮርጊስ በኩል ያልፋሉ። አንዳንዱ ውስጥ ሰዎች ይሳሳቃሉ። ከመካከላቸው ለአንዱ ሁሉም በጣም ደግ ከሆኑለት፣ ብርድ ልብስ ደርበውለት ብርቱካን እየላጡ ካጎረሱት፣ እሱም ዝም ብሎ በመስኮት የሚያይ ከሆነ፣ ቆሜ መኪናው እስኪያልፍ አየዋለሁ። እሱም ያየኛል። እኔ ቶሎ ብዬ ዐይኔን እሰብራለሁ፤ ከፊቴ ላይ እንዳያነብብኝ።