ከተማው ሳይጠፋ

ልብስ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የስፌት መኪና ስትጠግን የኖረች መካኒክ ናት፤ ከሽርጧ ኪስ በማይለየው መሣሪያ ስም ወጥቶላት «ካቻቢቴ» ትባላለች። እሷም ሲጠሯት «አቤት» ትላለች።

ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ወገቡን ታሞ ጡረታ ከወጣ በኋላ ቀኑ አልገፋ ብሎት ሲቆዝም፣ ልጃቸው ስታገባ የጌም ማጫወቻዋን ትታለት ሄደች። መጀመሪያ «የልጅ ነገር» ብሎ አጣጣለው። በሳምንቱ ጆይስቲኩን ከእጁ የሚያስጥለው ጠፋ። ጌሙ ከተማ የሚገነባበት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ መንገድ ዘረጋ፣ ድልድይ ሠራ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የአውቶቡስ መስመር አወጣ። በእሱ ከተማ አውቶቡስ አይዘገይም፤ ፌርማታ ላይ ቆሞ ዝናብ የሚመታው ሰው የለም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱን ጠራት።

«ለጌሙ ባቡር መጥቶለት ነበር» አላት አዝኖ። «ማጫወቻው ግን ሞልቷል፣ ቦታ የለም ይላል። ሌላውን ጌም ሁሉ አጥፍቼ ጨርሻለሁ።»

ማጫወቻውን በፌስታል አድርጋ መንገድ ዳር ወዳለው ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ወሰደችው። ጠጋኙ ገልበጥ አድርጎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ ሃርድ ዲስኩ በትልቅ ይቀየራል። ግን ውስጡ ያለው ድራሹ ይጠፋል። ደግሞ ያንዱ ብሎን ራስ ተበልቷል። ባይለፉ ይሻላል፣ አዲስ ይግዙ።»

«ውስጡ ያለው መጀመሪያ ፍላሽ ላይ አይገለበጥም?»

«ይገለበጣል፤ ግን ማን ይለፋል?»

«እኔ» አለችው። ዲስኩን ብቻ ገዝታ ወጣች።

ባሏ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ሊነሣ ምንም አልቀረው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ እኮ የስፌት መኪና አይደለም!»

«ብሎን አለው?»

«አለው።»

«እንግዲያው ዘመዴ ነው።»

ከተማውን ፍላሽ ላይ ገለበጠች፤ መግባቱን ሁለቴ አረጋገጠች። ከዚያ ገመዱን ነቅላ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፈች። የፈታችውን እያንዳንዱን ብሎን ከየት እንደወጣ በወረቀት ላይ ሥላ፣ ሥዕሉ ላይ አስቀመጠችው። የተበላው ብሎን ጋ ስትደርስ ካሮጌ የላስቲክ ጓንት ቁራጭ ቆርጣ ራሱ ላይ ጣል አደረገች፤ በካቻቢቴው ጫን ብላ ቀስ አድርጋ አዞረችው። ፋብሪካ ውስጥ ስንቱን ግትር ብሎን ያሳመነችው በዚህ ነው። ይሄኛውም እሺ አለ። አሮጌውን ዲስክ ስባ አወጣች፣ አዲሱን በቦታው አስገብታ ገጠመች።

ሲበራ ማጫወቻው የሚነሣበትን ሲስተም ጠየቀ። በላፕቶፕ ከኢንተርኔት አውርዳ ፍላሽ ላይ የጫነችውን ሰጠችው። አልቀበልም አለ። ደግማ ሰጠችው፤ አሁንም እምቢ።

የባሏ ፊት አመድ መሰለ። «አለቀ» አለ። «ሦስት ዓመቴ ገደል ገባ።»

«ከተማህ ፍላሹ ላይ ነው፣ የትም አልሄደም። ዝም በልና መመሪያውን ላንብብ።»

መነጽሯን አድርጋ መመሪያውን ከላይ እስከ ታች ቃል በቃል አነበበች። ያወረደችው ማሻሻያውን ብቻ ኖሯል፤ ባዶ ዲስክ ግን የሚፈልገው ሙሉውን ሲስተም ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች፣ ድምፅዋ ሳይለወጥ። «ዲስኩ ደህና ነው።»

ላፕቶፑን ከፍታ ሙሉውን አወረደች። ከሰዓት በኋላ ማጫወቻው ተነሣ፤ ጌሙ ከነባቡሩ ተጫነ፤ ከተማውም ከፍላሹ ተመለሰ። ሰውየው ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ቆየ። የመጀመሪያዋ አውቶቡስ ከፌርማታዋ ስትንቀሳቀስ በሁለት እጁ ጭኑን መታ።

«ሄደች! በሰዓቷ ሄደች!»

ካቻቢቴ ከዚያ በፊት አጠገቡ ቁጭ ብላ ጌሙን አይታው አታውቅም ነበር። ያን ቀን ወንበር ስባ ተቀመጠች። እሱ ሐዲዱን ሲዘረጋ «እዚህ ጋ መታጠፊያው ጠበበ» እያለች አረመችው፤ እውነትም ጠቦ ነበር።

ወሬው ጠጋኙ ጆሮ ደረሰ። በሳምንቱ ሱቁ አስጠርቷት፣ «አይቻልም» ብሎ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጣቸውን ሦስት ማጫወቻዎች አወረደላት። በእሱ ጠረጴዛ ላይ ተራ በተራ ከፈተቻቸው። ሁለቱን አስነሣች። ሦስተኛውን ግን ውስጡን ደጋግማ መርምራ መለሰችለት።

«ይሄኛው አብቅቶለታል» አለችው። «ለባለቤቱ እቅጩን ንገረው።»