የአባባ ዲንሳ «ይማርህ»

አባባ ዲንሳ ከእንጦጦ ሥር፣ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ትምህርት ቤት በር ጠባቂ ነበሩ። ዱላ ይይዛሉ እንጂ ልጅ መትተው አያውቁም። ሰው ሲያስነጥስ ግን «ይማርህ» ሳይሉ አያልፉም፤ በቅሎ ብታስነጥስ እንኳ ምርቃቱን አይነፍጓትም።

በ1950 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ዓለምን ያዳረሰው ጉንፋን ትምህርት ቤቱ ያለበት ሰፈር፣ የካ ደረሰ። ዳይሬክተሩ አቶ ገብረማርያም፣ ያስነጠሰ ልጅ ከግቢ ይውጣ፣ ሳይሻለውም እንዳይመለስ ብለው አዘዙ። አባባ ዲንሳም ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ አደረጉት። ልጁ ሲያስነጥስ «ይማርህ» ይሉና በሩን ይከፍቱለታል። ምርቃቱ ማባረሪያ ሆኖ ቁጭ አለ። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው፣ ፊታቸው በርበሬ እስኪመስል ከማስነጠስ ጋር ይታገሉ ጀመር።

አንድ ቀን ጠዋት የአባባ ዲንሳ ጎረቤት ብርቄ ትንሿን ልጇን ጂቱን እየጎተተች መጣች። ጂቱም በዚያው «ይማርሽ» ተባርራ፣ ድና ከተመለሰች ገና ጥቂት ቀኗ ነው።

«ጋሼ ዲንሳ፣ ልጄን ምን አደረጉብኝ?» አለች ብርቄ።

«ምን ሆነች ደግሞ?»

«ማታ አባቷ አስነጠሰ። እንደ ወጉ ይማርህ አልኩት። እሷ ሆዬ ጋቢውን አምጥታ ‹በል አባዬ፣ ውጣ› አትለውም? ከዚያ እዬዬ። ወጥቶ የሚቀር መሰላት። ያኔ ቤት ስትቀመጥም ጓደኞቼ ረሱኝ እያለች ነው የከረመችው።»

አባባ ዲንሳን ዱላ ያላነሱባትን ልጅ በምርቃት መምታታቸው አንገበገባቸው።

በዚህ መሐል ከጠዋት ጀምሮ ሲያባብሉት የነበረው ማስነጠስ አመለጣቸው። ግቢው ሁሉ ሰማ። ጨዋታው ቆመ። አባባን ከበር ማስወጣት የፈለገ ልጅ ስላልነበረ ሁሉም አፉን በእጁ ከደነ። አባባ ዲንሳ ጠበቁ፤ የሚመርቃቸው ጠፋ። በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው አያውቅም፤ ሆድ ባሳቸው።

ጂቱ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ብቅ አለች።

«ይማርዎ» አለች ቀስ ብላ። «ግን አይሂዱ።»

«ያኑርሽ ልጄ» አሉ አባባ ዲንሳ። ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና በሩን ለራሳቸው ከፍተው ወጡ፣ ከውጭ ዘጉት፣ ከአጥሩ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አቶ ገብረማርያም ቤታቸው ሄደው እንዲተኙ ቢለምኗቸው፣ «በር እንደሆን ከውጭም ይጠበቃል» ብለው እንቢ አሉ።

ጂቱ በየዕረፍቱ ከአጥሩ ራቅ ብላ ትቆማለች።

«አባባ፣ አሉ?»

«አለሁ።»

ይኸው መልስ ሳይለወጥ ሰነበተ። ጂቱም ቀስ በቀስ ገመድ መዝለል ጀመረች። በኋላ ፉፋ የሚባለው የክፍሏ ልጅ አስነጠሰና ሊያለቅስ ቃጣው። ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው አፋቸውን ሲከድኑ ጂቱ ደብተሩን አንስታ አስያዘችው።

«ይማርህ» አለችው። «አይዞህ ውጣ፤ አባባ እዚያ አሉ።»