ድምፄን የሸጠው ጓደኛዬ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ረመዳን ሊገባ ባለበት ሰሞን ነው። ዛሬም ሸዋ ሮቢት ገበያ ውስጥ ድምፅ ማጉያ የጫነ ባጃጅ ሲያልፍ አንገቴን እደፋለሁ።

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ደረጀ ደግሞ ኬሚስትሪ ያስተምር ነበር። ከተማዋ ላይ አብረን ተመድበን፣ ያን ሙቀት እትዬ ከድጃ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን አሳልፈነዋል። እትዬ ከድጃ ለሁለታችንም እናት ነበሩ። እኔ የተናገርኩትን ሁሉ «መምህሩ ብሏል» እያሉ ለጎረቤት ያደርሳሉ። ኋላ ደረጀ ማስተማሩን ተወና መናኸሪያው አጠገብ የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ ከፈተ።

አንድ ቀን ለተማሪዎቼ ስለ ጥልቅ ባሕር አስተማርኩ። ተመራማሪዎች ብርሃን ከማይደርስበት ወለል ስፖንጅ የሚባሉ እንስሳትን እያወጡ ለመድኃኒት የሚሆን ንጥረ ነገር እንደሚፈልጉ፣ ከባሕር ስፖንጅ በተገኘ ፍንጭም የካንሰር መድኃኒት እንደተሠራ ነገርኳቸው። ማታ ይህንኑ ለደረጀ ሳወራው በጣም ወደደው። ለእህቱ ልጆች እልከዋለሁ ብሎ በስልኩ ቀዳኝ። እኔ ሞኙ ጉሮሮዬን ጠራርጌ አንበለበልኩለት።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ ከድጃ ራሳቸውን ሳቱ። ስኳር አለባቸው። ሆስፒታል ስናደርሳቸው ስኳራቸው ጣሪያ ነክቷል። ነቃ ሲሉ ነርሷ ኪኒናቸውን ለምን እንዳቋረጡ ጠየቀቻቸው። በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«የባሕሩ መድኃኒት ያድናል ያለው እሱ ነው፤ ወላሂ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አሉ።

የሚቃዡ መሰለኝ።

ልብስ ላመጣላቸው ስመለስ መናኸሪያው ጋ አንድ ባጃጅ ቆሟል። ከማጉያው የሚወጣው የኔ ድምፅ ነው። የባሕሩ ወለል አለ፣ ስፖንጁ አለ፣ መድኃኒቱ አለ። «ግን ለዓመታት ሳይፈተን አይሰጥም፤ የባሕር ነገር ሁሉ መድኃኒት አይደለም» ያልኩት ብቻ የለም። ተቆርጧል። ደረጀ ሱቅ ስገባ ዓሣ የተሳለባቸው ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ውስጣቸው ያለው ምን እንደሆነ እሱም አያውቅም።

እትዬ ከድጃ ሆስፒታል መተኛታቸውን ነገርኩት። ፊቱ ትንሽ ተለወጠ። ለምን በኔ ድምፅ እንዳደረገው ጠየቅሁት።

«እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? አንተን ግን ያምኑሃል» አለኝ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። እኔ ግን ብቻዬን አልወደቅሁም።

ጤና ቢሮ አመለከትኩና ጠርሙሶቹ ተወሰዱ። ደረጀም ከተማውን ለቆ ሄደ፤ ካራቆሬ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እትዬ ከድጃ ድነዋል። ነገሩን ሳስረዳቸው «አውፍ ብያለሁ ልጄ» አሉኝ። እኔ ግን እስካሁን ደረጀን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ሰሞኑን ረመዳን ሳይገባ ስለ ኪኒናቸው ሐኪም እንዲያማክሩ ነገርኳቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝና ወደ አጥሩ ሄደው ጎረቤታቸውን ተጣሩ።

«መምህሩ እንዲህ ይላል» አሏት። «እውነቱን ነው?»