ዛሪማ የወረድን ቀን

እናቴ የሞተችው እኔ በምሠራበት ጤና ጣቢያ፣ በእኔው ተራ ቀን ነው። ዳባት ላይ ነርስ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ልቧ ድንገት ቆመና በእነዚሁ እጆቼ ደረቷን ለረጅም ጊዜ ተጫንሁ። አልተመለሰችም። ሐኪሙ ትከሻዬን ይዞ ሲያስቆመኝ ጓንቴን አውልቄ ጣልሁና የሞተችበትን ሰዓት መዝገቡ ላይ ጻፍሁ።

ለቅሶው ላይም አላለቀስሁም። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ እኔ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ የአግዳሚውን እግር አይ ነበር። አንዷ ዘመዳችን ለሌላዋ፣ የዛሬ ልጅ ሲማር ልቡ ይደርቃል ስትል ሰማኋት። አልከፋኝም፤ ልክ ሳትሆን አትቀርም ብዬ አሰብሁ። በአራተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፤ ግን የሰው ድምፅም፣ የምግብ ጣዕምም በጥጥ ተጠቅልሎ የሚደርሰኝ ይመስል ነበር።

አርባዋ ከወጣ በኋላ ሁለቱ ጓደኞቼ ቤቴ መጡ። ሦስታችን ደባርቅ አንድ ክፍል ነው የተማርነው። እሱ በአቅራቢያችን ባለው ብሔራዊ ፓርክ አስጎብኚ ነው፤ እሷ የሂሳብ መምህር ናት። እሱ ከጥቂት ዓመት በፊት ወንዝ ሊቀዝፉ ከመጡ ፈረንጆች ጋር ወር ያህል ሠርቶ ነበር፤ ሲሄዱም ሁለት ካያክ ትተውለት ሄዱ። በአየር የሚነፉ፣ ጠባብና ረዣዥም ጀልባዎች ናቸው። እንግዳ ጠፍቶ ፓርኩ ጋ ቡይት ራስ ያሉት የቱሪስት ሎጆች ጭር ሲሉ፣ እሱ ብቻውን ቆላ እየወረደ ሲለማመድባቸው ከረመ።

«ነገ ዛሪማ ወንዝ እንወርዳለን» አለኝ። «አንቺም ትመጫለሽ።»

እምቢ ማለትም ጉልበት ይጠይቃል። እሺ አልሁት።

ጊዜው ጥቅምት ነበር፤ ወንዙ የክረምቱን ውሃ ገና አልጨረሰም። ደባርቅን በጃኬት ለቀን፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ቆላ ወርደን ስንጨርስ ሁላችንም ጃኬታችንን አውልቀናል። ወንዙ ዳር ደርሰን ጀልባዎቹን ነፋን። እሱ የሚያንሳፍፍ ላይፍ ጃኬትና ሄልሜት አለበሰን። ጀልባው ከተገለበጠ ውሃው ውስጥ ለመቆም እንዳንሞክር፣ በጀርባችን ተንጋለን እግራችንን ወደፊት አድርገን እንድንንሳፈፍ ደጋግሞ ነገረን። እኔና መምህሯ ትልቁን ያዝን፤ እሱ በትንሹ ከፊት ቀደመ።

መጀመሪያው ጥሩ ነበር። ጀልባዋ በማዕበሉ ላይ ስትዘል መምህሯ መቅዘፊያዋን ታቅፋ ትስቃለች። ውሃው ፊቴን ሲመታኝ ቀዝቃዛ መሆኑን አወቅሁ እንጂ አልበረደኝም። እሱ በየመሀሉ ዞር እያለ ፊቴን ያየኝ ነበር። ሳቅ እየጠበቀ መሆኑ ስለገባኝ ፈገግ አልሁለት።

ከቀትር በፊት ወንዙ በሁለት ቋጥኝ መሀል የሚጠብበት ቦታ ደረስን። ውሃው እዚያ ነጭ አረፋ ሆኖ ይጮሃል። እሱ ሁለታችንን ዳር አውርዶ ረጅም ገመድ ሰጠኝና፣ እኔ ቀድሜ ልሞክረው፣ እናንተ በእግር ከታች ጠብቁኝ አለ። ጠበቅነው። ቋጥኞቹን በደንብ አለፋቸው። ከእነሱ ቀጥሎ ግን ጎርፍ የጣለው ዛፍ ወንዙን አግድም ይዞት ነበር። አረፋው ሸፍኖት ከላይም ከታችም ሆነን አላየነውም። ጀልባዋ ግንዱን በጎኗ መታችና ተገለበጠች። ላይፍ ጃኬቱ ቅርንጫፍ ላይ ተሰክቶ ጭንቅላቱን ውሃ ውስጥ ያዘው። ከውሃው በላይ የሚታየን አንድ እጁ ብቻ ነበር።

መምህሯ ጮኸች። እኔ ገመዱን ወገቤ ላይ አሰርሁና ጫፉን ሰጠኋት።

«ዳር ያለው ዛፍ ላይ ጠምጥመሽ ያዢ» አልኋት። «እኔን አትመልከቺ። ገመዱን ብቻ ያዢ።»

ግንዱን ተደግፌ ገባሁ፤ ውሃው ደረቴ ደረሰ። የጃኬቱን ማያያዣ በእጄ ፈልጌ ፈታሁትና እሱን ጎተትሁት። መምህሯ ከዳር ሆና ገመዱን እየሳበች ሁለታችንንም አሸዋው ላይ አወጣችን። አይተነፍስም ነበር። ከንፈሩ ጠቁሯል። አፉ ላይ ተነፈስሁበት፤ ከዚያ ደረቱን መጫን ጀመርሁ። እጆቼ ያለ እኔ የሚሠሩ ይመስሉ ነበር። በዚያች ሰዓት የማስበው፣ ትናንት ስወጣ የመድኃኒቱን ቁም ሣጥን ቆልፌ ይሆን ወይ የሚለውን ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ትንሽ ቆይቶ አሳለው፤ ውሃ አስመለሰው። በጎኑ አስተኛሁት። መምህሯ ተንበርክካ እግሩን አቅፋ ታለቅስ ነበር።

መንገድ ላይ ያገኘነው የጭነት መኪና ደባርቅ አደረሰን። ሆስፒታል አስተኙት። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን መምህሯ እንዴት እንዳልፈራሁ ጠየቀችኝ።

«የምፈራበት ነገር አልቆብኝ ይመስለኛል» አልኋት።

ሻርፏን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ።

ከሳምንት በኋላ የእሱ እናት ከደባርቅ ድረስ እኔ ቤት መጡ። የመሪጌታ ሚስት የነበሩ፣ አሁን ብቻቸውን የቀሩ አሮጊት ናቸው። ገና በሩን ሳይዘልቁ ጉልበቴን ሊስሙ ዝቅ ሲሉ ያዝኋቸው። ሥራዬ ነው እማማ፣ ይነሡ አልኋቸው። እውነቴን ነበር፤ ምንም አልተሰማኝም። ተቀመጡና ቤቱን በዝግታ ቃኙት።

«ልጄ፣ ለሱ ብቻ ብዬ አልመጣሁም» አሉ። «የእናትሽን ለቅሶ አልደረስሁም። ያን ጊዜ ወገቤ ይዞኝ ተኝቼ ነበር።»

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና ማልቀስ ጀመሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። እያለቀሱ ስለ እናቴ ያወራሉ፤ ዳባት ገበያ ጌሾ ስትሸጥ ሁልጊዜ አንድ ጭብጥ ጨምራ፣ አጠገቤ ለሚሸጡት እንዳትነግሪ ትላቸው እንደነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዜማው እየጠፋት ከሰው ሁሉ በላይ ጮክ ብላ ትዘምር እንደነበር።

«ልክ ነዎት» አልሁ። «ዜማ አይሆንላትም ነበር።»

ከሞተች ወዲህ ስለ እናቴ አንድ ነገር ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። እንባ ግን አልመጣም። እሳቸውም አልጠበቁትም። ምሳ አቀረብሁላቸው፤ በልተን ሚኒባስ ድረስ ሸኘኋቸው። ሊሳፈሩ ሲሉ እጄን ያዙኝና፣ መሪጌታ ሲሞቱ እሳቸውም እንዳላለቀሱ፣ በዓመቱ ወፍጮ ቤት ቆመው ጤፍ ሲያስፈጩ በድንገት እንደመጣባቸው ነገሩኝ።

እሱ ድኗል፤ ዛሪማም ተመልሶ ወርዷል። እኔና መምህሯ አብረነው አልሄድንም። ሥራዬ ላይ ነኝ። እንባዬ እስካሁን አልመጣም። በየወሩ አንድ እሁድ ደባርቅ እሄድና ከእሳቸው ጋር ስለ እናቴ እናወራለን። ብዙውን ጊዜ የሚያወሩት እሳቸው ናቸው።